ፎቶው ምን ሊነግር ነው? የፎቶ ቅንብር እንዴት ይሠራል?

ጉርድ ፎቶ ያልተነሳ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ለመታወቂያ፣ ለፓስፖርት፣ ለሥራ ማመልከቻ ስንል ፎቶ ቤት ገብተን ነጭ መጋረጃ ፊት እንቀመጣለን። ፎቶ አንሺው «ቀና ይበሉ፤ ትከሻዎን ያስተካክሉ፤ ወደ ካሜራው ይዩ» ይላል። ፀጉር ከዓይን ላይ ይነሳል፣ መነጽር ይወልቃል፣ መሳቅ አይፈቀድም። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ለፓስፖርት ባወጣው መስፈርት፣ ፊት ከአገጭ እስከ አናት ከፎቶው ቁመት ከ70 እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን መያዝ አለበት። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ፎቶው እንዲያምር ታስቦ የተደረገ አይደለም። የድንበር ተቆጣጣሪው ወይም ማሽኑ «ይህ ሰው በእርግጥ እሱ ነው» ብሎ እንዲያሳልፈው ነው።

ያው ሰው ሙሽራ ሆኖ ካሜራ ፊት ሲቆም ግን የጉርድ ፎቶው ሕግ ሁሉ ይሻራል። ወደ ጎን ይዞራል፣ ይስቃል፣ ከኋላው የዛፍ ጥላ ይገባል፤ ፊቱ ከፎቶው ትንሽ ቦታ ብቻ ቢይዝም ቅር የሚለው የለም። ሰውየው አልተለወጠም፤ ካሜራውም ያው ሊሆን ይችላል። የተለወጠው ፎቶው የተነሳበት ጉዳይ ነው።

ቅንብር የሚባለውም ይኸው ነው፦ በአራቱ ጠርዞች መካከል ምን ይግባ፣ ምን ይውጣ፣ የገባው የት ይቀመጥ፣ ከየትኛው ከፍታና ርቀት ይታይ የሚል ውሳኔ። ውሳኔው ከፎቶ ዓይነት ፎቶ ዓይነት የሚለያየው ባለሙያዎች ስለተራቀቁ አይደለም። እያንዳንዱ ዓይነት ለተመልካቹ የሚነግረው ነገር የተለየ ስለሆነ ነው።

በስልክዎ ላይ ያሉት አራት መስመሮች

የስልክዎን ካሜራ ቅንጅት ከፍተው «ግሪድ» የሚለውን ቢያበሩ ሁለት አግዳሚና ሁለት ቋሚ መስመሮች ስክሪኑን ለዘጠኝ ይከፍሉታል። ይህ የሲሶ ሕግ ነው። ዋናውን ነገር መሀል ላይ ከመትከል ይልቅ መስመሮቹ ከሚገናኙባቸው አራት ነጥቦች በአንዱ ላይ ያስቀምጡ ይላል። ፎቶ መማር የጀመረ ሁሉ መጀመሪያ የሚነገረው ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜም ይሠራል።

ነገር ግን ሕጉ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ጆን ቶማስ ስሚዝ ይህን ስም ሰጥቶ በመጽሐፍ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1797 ነው፤ ፎቶግራፍ ገና አልተፈለሰፈም ነበር። የመጽሐፉም ጉዳይ የገጠር መልክዓ ምድርን መሣል ነው፤ ለሰማይ ምን ያህል፣ ለመሬት ምን ያህል ቦታ ይሰጥ የሚል። ስለዚህ የሲሶ ሕግ ሲወለድም የአንድ ዘርፍ ሕግ ነበር። ለጉርድ ፎቶ፣ ለላሊበላ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ፣ ለመሶብ እንዳለ ይሠራል ብሎ መጠበቅ ያለ ቦታው ማስገባት ነው።

የፊት ፎቶ፦ ርቀት ይቀድማል

የሰው ፊት ሲነሳ ተመልካቹ ማወቅ የሚፈልገው «ይህ ሰው ማን ነው? ምን ተሰማው?» የሚለውን ነው። ስለዚህ ሁሉም ነገር ለዓይን ያገለግላል። ፎከስ ለካሜራው በቀረበው ዓይን ላይ ይሆናል፤ ዓይኖቹም ከፎቶው የላይኛው ሲሶ አካባቢ ይውላሉ።

ብዙ ሰው የራሱን ፊት በስልክ ፎቶ ሲያይ አፍንጫው ገዝፎ ያገኘውና ሌንሱን ይወቅሳል። ጥፋቱ የርቀት ነው። ስልኩ ከአፍንጫ ጫፍ 30 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው እንበል። ጆሮ ከአፍንጫ ጫፍ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ቢሆን፣ ከሌንሱ 42 ሳንቲ ሜትር ይርቃል ማለት ነው። ነገር በራቀ መጠን ስለሚያንስ ጆሮው ከአፍንጫው አንጻር ከትክክለኛ መጠኑ 70 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ ይወጣል። አሁን ፎቶ አንሺው ወደ ኋላ ሄዶ 2 ሜትር ርቀት ላይ ይቁም። አፍንጫው 200፣ ጆሮው 212 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው፤ ልዩነቱ 6 በመቶ እንኳ አይሞላም። ፊቱ እኛ በአካል የምናውቀውን መልክ ይይዛል። ቀሪው ነገር ፊቱን በዙም ማቅረብ ነው። የፊት ፎቶ ባለሙያዎች 85 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ሌንስ የሚመርጡት ከሰውየው ርቀው ቆመው ፊቱን በፎቶው ውስጥ ለማቅረብ እንዲችሉ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የዓይን አቅጣጫ ነው። ሰውየው ወደ ግራ የሚያይ ከሆነ ክፍት ቦታው በግራ በኩል ይተው፤ አለበለዚያ አፍንጫው ከጠርዙ ጋር የተጋጨ ይመስላል። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ይህ ጉዳይ ከጥንት ጀምሮ ሥርዓት አለው። ቅዱሳን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ ክፉዎቹ ደግሞ አንድ ዓይናቸው ብቻ እንዲታይ በጎን። ያን ሥዕል እያየ ያደገ ሰው የፊት አቅጣጫ ትርጉም እንደሚሸከም ያውቃል። ቀጥ ብሎ የሚያይ ፊት ተመልካቹን ያናግራል፤ ወደ ጎን ያየ ፊት ደግሞ ወደ ሌላ ቦታ ይወስደዋል።

ሦስተኛው ጠርዙ ነው። ፎቶውን በጉልበት፣ በእጅ አንጓ ወይም በቁርጭምጭሚት ላይ አይቁረጡ፤ አካሉ የተቆረጠ ይመስላል። በጭን መሀል ወይም ከወገብ ከፍ ብሎ ሲቆረጥ ግን ዓይን አይጎረብጠውም። ከጭንቅላቱ በላይ የበቀለ የመብራት ምሰሶ እንዳይኖርም ጀርባውን ይዩ፤ አንድ እርምጃ ወደ ጎን መሄድ ይበቃል።

በየሠርጉ በሚነሳው የዘመድ አዝማድ ፎቶ ላይም ያው የርቀት ነገር ይመጣል። ሁሉንም ለማስገባት ሲባል በሰፊ ሌንስ ተጠግተው ካነሱ ጫፍ ላይ የቆሙት ወደ ጎን ይለጠጣሉ። ሰዎቹን በሁለትና በሦስት ረድፍ ሰብሰብ አድርጎ ወደ ኋላ ራቅ ማለት ነው መፍትሔው።

ፊት የማንነት ማስረጃ ብቻ ሳይሆን ሐሳብ መሸከሚያ ሲሆንም ቅንብሩ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን የመሠረተችው አይዳ ሙሉነህ ሴቶችን በደማቅ ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ እያለበሰች፣ ፊታቸውን እየቀባች፣ እያንዳንዱን ነገር አስባ ታቀናብራለች። ከዋተርኤይድ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 በአፋር ዳሎል ያነሳቻቸው የውኃ ጉዳይ ፎቶዎች ለዚህ ምሳሌ ናቸው። እዚያ ፊቱ የአንዲት ሴት ብቻ አይደለም፤ ውኃ ፍለጋ የምትባዝን ሴት ሁሉ ፊት ነው።

መልክዓ ምድር፦ ተራራው ለምን አነሰ?

ሰሜን ተራሮች ላይ ወጥቶ ገደሉን ፎቶ ያነሳ ሰው ቤቱ ሲደርስ ያዝናል። እዚያ ቆሞ ሲያየው ልብ ያስደነገጠው ገደል ስክሪኑ ላይ ጎርበጥ ያለ ኮረብታ ሆኗል። ምክንያቱ እላይ ያየነው የርቀት ሕግ ነው። ነገር በራቀ መጠን ያንሳል፤ የስልክ ዋና ሌንስም ሰፊ ስለሆነ ሩቁ ነገር ከፎቶው ትንሽ ቦታ ብቻ ይይዛል። በዚያ ላይ ፎቶው መጠን የሚለካበት ነገር የለውም።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንዱ ቅርብ ነገር ማስገባት ነው። ጅብራ የሚባለው የደጋ ተክል በቅርብ በኩል ቢቆም፣ ከሱ ቀጥሎ የጭላዳ መንጋ ሣር ሲነጭ ቢታይ፣ ከዚያ ገደሉ ቢመጣ ዓይን ደረጃ በደረጃ ይሄዳል፤ ርቀቱንም ይገምታል። ሁለተኛው መንገድ ተቃራኒው ነው፦ በረጅም ዙም ሩቁን ብቻ መምረጥ። ያኔ የተራራ ሰንሰለቶቹ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው ይቀርባሉ፤ ጠዋት ጉም ካለም እየሳሱ የሚሄዱ ንብርብሮች ይሆናሉ።

ቀጥሎ የሚመጣው አድማሱ የት ይሁን የሚለው ነው። የሲሶ ሕግ በትውልድ ቦታው የሚሠራው እዚህ ነው። ሰማዩ የሚናገር ከሆነ አድማሱ ዝቅ ይላል፤ መሬቱ የሚናገር ከሆነ ከፍ ይላል። አሜሪካዊው አንሰል አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1941 በኒው ሜክሲኮ ሄርናንዴዝ በተባለች መንደር ላይ ጨረቃ ስትወጣ ያነሳውን ፎቶ ይመልከቱ። ከግማሽ በላዩ ሰማይ ነው፤ ጨረቃዋ ትንሽ ናት፤ ከታች በመጨረሻው የፀሐይ ብርሃን የነጡ የመቃብር መስቀሎች ይታያሉ። ጨረቃዋን በዙም አቅርቦ ቢያነሳ ኖሮ ጨረቃ ብቻ ይኖረው ነበር። ሰፊውን ሰማይ ስለተወላት ግን ከመስቀሎቹ ጋር ስለ ሰው ዕድሜ ማጠርና ስለ ሰማይ ስፋት ትናገራለች።

በአገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ቀጥ ብላ ትወጣለች፣ ቀጥ ብላ ትጠልቃለች። ለስላሳው ብርሃን ቶሎ ያልፋል። ስለዚህ የመልክዓ ምድር ፎቶ አንሺ ቦታውን አስቀድሞ መርጦ ከጠዋቱ 12 ሰዓት በፊት መቆም አለበት፤ ጀምበር ከወጣች በኋላ ቦታ መፈለግ ብርሃኑን ማባከን ነው።

ሕንፃ፦ ቀጥ ያለው ቀጥ ይበል

ሕንፃ ሲነሳ ተመልካቹ ግንባታውን ማንበብ ይፈልጋል። ስልኩን ወደ ላይ አዘንብለው ፎቅ ሲያነሱ ግድግዳዎቹ ከላይ ይቀራረባሉ፤ ሕንፃው ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል። ይህ የሚሆነው ካሜራው ከግድግዳው ጋር ትይዩ ስላልሆነ ነው፤ የሕንፃው አናት ከእግሩ ይልቅ ከሌንሱ ይርቃል፣ ስለዚህ ያንሳል። ስልኩን ቀጥ አድርገው ይያዙ፣ ራቅ ይበሉ፣ ወይም ትይዩ ወደሆነ ከፍታ ይውጡ። ከታች የሚተርፈውን አስፋልት በኋላ መቁረጥ ይቻላል።

ቤተ ጊዮርጊስ ግን ሌላ ጥያቄ ያመጣል። ላሊበላ ያለው ይህ ቤተ ክርስቲያን ከአንድ ወጥ ዓለት ወደ ታች የተፈለፈለ ነው፤ ጣሪያው ከመሬት ወለል ጋር እኩል ነው። ከጉድጓዱ አፋፍ ሆነው ወደ ታች ሲያነሱ የሚታየው በጣሪያው ላይ አንዱ በአንዱ ውስጥ የተቀረጹት ሦስቱ መስቀሎች ናቸው። እዚህ የሲሶ ሕግ ይቅር። መስቀሉ በአራቱም ወገን እኩል ስለሆነ ቦታው መሀል ነው፤ ወደ ጎን ቢገፋ ጠራቢዎቹ የደከሙለት ሚዛን ይፈርሳል። ወደ ታች ወርደው በበሩ ፊት ሲቆሙ ደግሞ ቤቱ መስቀል መሆኑ ይጠፋል፤ የሚታየው የግድግዳው ቁመትና የጉድጓዱ ጥልቀት ነው። እዚያ ነጭ ነጠላ የለበሰ አንድ ምዕመን በግድግዳው ሥር ሲያልፍ መጠበቅ ይበጃል፤ መጠኑን የሚነግረው እሱ ነው። የመጀመሪያው ፎቶ ስለ ንድፉ፣ ሁለተኛው ስለ ጸሎት ቤትነቱ ይናገራል።

ማዕዱ ላይ፦ ሦስት ምግብ፣ ሦስት ከፍታ

የቅንብርን ነገር በአንድ ቁጭታ ለመማር ከማዕድ የተሻለ ቦታ የለም። በያይነቱ፣ በሸክላ የቀረበ ሽሮና ጀበና በመስኮት አጠገብ ያስቀምጡ።

በያይነቱ ጠፍጣፋ ነው። ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ቀይ ሥሩ፣ አልጫው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ውበታቸው ቀለማቸውና አደራደራቸው ነው። ከጎን ቢያነሱት ፊት ያለው ጎመን ከኋላው ያለውን ሁሉ ይጋርዳል። ስለዚህ በቀጥታ ከላይ ይነሳል። ስልኩ ከትሪው ጋር ፍጹም ትይዩ ይሁን፤ ትንሽ ካዘነበለ ክቡ እንጀራ ሞላላ ይሆናል። የራስዎ ጥላ እንዳይወድቅበት ብርሃኑ ከጎን ይምጣ።

ሽሮው ጥልቀት አለው። ከላይ ብቻ ቢነሳ ድስቱ ይጠፋል፤ ከጎን ብቻ ቢነሳ ፍልቅልቁ አይታይም። ስለዚህ አዘንብለው፣ ተቀምጦ የሚበላ ሰው በሚያይበት ከፍታ ያንሱት፤ ሸክላውም ወጡም ይታያሉ።

ጀበናው ደግሞ ቁመት ነው። አንገቱ፣ ጡቱና እጀታው የሚነበቡት በጎን ሲታዩ ነው። ስልኩን ወደ ረከቦቱ ከፍታ ዝቅ ያድርጉት። እንፋሎቱ እንዲታይ ከፈለጉ መስኮቱ ከጀበናው ኋላ በኩል ይሁን፣ ከእንፋሎቱ ጀርባ ያለው ነገር ግን ጠቆር ያለ ይሁን፤ እንፋሎት በነጭ ግድግዳ ላይ አይታይም። ፍላሽ በፍጹም አይጠቀሙ፤ የወጡ ቅባት ላይ ነጭ ነጥብ ይተክላል፣ ቀለሙንም ይገድለዋል።

በቴሌግራም ጫማና ቦርሳ ለሚሸጡም ያው ሐሳብ ይሠራል። ገዢው የሚጠይቀው «ምን ያህል ነው? ከምን ተሠራ? ጎኑስ?» ነው። ሜዳማ ጀርባ፣ ጎኑንና ፊቱን በአንዴ የሚያሳይ አቅጣጫ፣ አንድ ፎቶ ደግሞ በእጅ ተይዞ መጠኑ እንዲታይ። ዕቃውን በአበባና በመብራት ማስጌጥ ገዢውን ከጥያቄው ያርቀዋል።

ዜና፦ ማንቀሳቀስ የማይቻልበት ቅንብር

ማዕዱም ሆነ ዕቃው የሚነካና የሚስተካከል ነበር። በዜና ፎቶ ግን ሕጉ ጥብቅ ነው፦ የተከሰተውን አቀናብሮ ማስመሰል፣ በኋላም በኮምፒውተር መጨመርም ሆነ ማጥፋት ክልክል ነው። ስለዚህ የዜና ፎቶ አንሺ የሚያቀናብረው በእግሩና በትዕግሥቱ ነው። ቦታ ይመርጣል፣ ይንበረከካል፣ ይጠብቃል።

ፈረንሳዊው አንሪ ካርቲየር ብሬሶን እ.ኤ.አ. በ1932 በፓሪስ ሴን ላዛር ባቡር ጣቢያ ጀርባ ያነሳው ፎቶ በዓለም ላይ የታወቀው ለዚህ ነው። አንድ ሰው የተኛ ውኃ ላይ ይዘላል፤ ተረከዙ ውኃውን ሊነካ ነው፣ ገና አልነካም። ከኋላው በግድግዳ ማስታወቂያ ላይ የምትዘል ዳንሰኛ ትታያለች። ከአፍታ በፊት ወይም በኋላ ቢሆን ፎቶው የለም።

የአሶሺየትድ ፕሬሱ ኢትዮጵያዊ ፎቶ አንሺ ሙሉጌታ አየነ በመጋቢት 2019 (እ.ኤ.አ.) ቢሾፍቱ አቅራቢያ በወደቀው አውሮፕላን (የበረራ ቁጥር 302) አደጋ ስፍራ ያነሳው ፎቶ በ2020 የዓለም ፕሬስ ፎቶ ውድድር ለዓመቱ ምርጥ ፎቶ ታጭቶ ነበር። የምናየው አንዲት ዘመዷን ያጣች ሴት አፈር አንስታ በፊቷ ላይ ስትበትን ነው። 157 ሰው ያለቀበትን አደጋ ስፋት ለማሳየት የተሞከረ አይደለም። ሐዘኑን ወደ አንድ ሰው አቀረበው፤ በዚያም ሁላችንን አስለቀሰ።

ቅንብር ከውበት በላይ መሆኑም እዚህ ላይ ይገለጣል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1984 የኮረም ረሃብ በዜና ካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን ቀረጻ ዓለምን አንቀሳቀሰ፤ ሕይወትም አዳነ። ከዚያ በኋላ ግን የተራበ ሕፃን ብቻውን፣ ከላይ ወደ ታች የታየበት ምስል የእርዳታ ጥሪ ልማድ ሆነ። የአውሮፓ የልማት ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ1989 ስለ ምስል አጠቃቀም የሥነ ምግባር ደንብ ያወጡት በዚህ ዓይነቱ ምስል ላይ ከተነሳው ክርክር በኋላ ነው። አስቡት፦ እናቱ፣ እህል የሚያከፋፍለው ጎረቤት፣ የሚያክመው ነርስ ከጠርዙ ውጭ ከተደረጉ ለተመልካቹ የሚቀረው ረዳት የሌለው ሕዝብ ነው። ካሜራውን ወደ ሕፃኑ ዓይን ከፍታ ማውረድና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ እናቱን ማስገባት ፎቶውን ወደ እውነት ያቀርበዋል። አንድም ነገር አልተጨመረም፤ የተቆረጠው ብቻ ተመለሰ።

ስፖርት፦ ለሚመጣው ቦታ መተው

የሚሮጥ ሰው ሲነሳ ክፍት ቦታው ከፊቱ ይሁን፤ የሚሄድበት ስፍራ እንዲኖረው። ያሸነፈበትን ርቀት ማሳየት ከፈለጉ ግን ቦታው ከኋላው ይሁን፤ ተፎካካሪዎቹ የቀሩበት እዚያ ነውና። ካሜራው ዝቅ ሲል ሯጩ ይገዝፋል፣ ጀርባው ላይ ያለው ግርግርም ይቀንሳል።

በዚህ ዘርፍ ማንም የማያቀናብረው ፎቶም አለ። በ2000 (እ.ኤ.አ.) የሲድኒ ኦሊምፒክ 10,000 ሜትር ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነበር። እንዲህ ያለውን ልዩነት የሚፈርደው የመድረሻ መስመር ካሜራ የሚያየው ቀጭኗን መስመር ብቻ ነው። በሰከንድ ብዙ ጊዜ እያነሳ ቅንጣቶቹን ጎን ለጎን ይሰፋቸዋል። ስለዚህ በዚያ ፎቶ ላይ ግራና ቀኝ የቦታ ሳይሆን የጊዜ መለኪያ ነው። ለዓይን አይማርክም፤ ማን ቀደመ ለሚለው ጥያቄ ግን ከሁሉ የታመነ መልስ ይሰጣል።

ከመጫንዎ በፊት

ጥሩ ካሜራ መግዛት ለማይችል ሰው ይህ ሁሉ መልካም ዜና ነው። ርቀት፣ ከፍታ፣ ጠርዝ፣ ጀርባና የብርሃን አቅጣጫ ገንዘብ አይጠይቁም። የሲሶ ሕግንም ሆነ ሌላውን ሕግ ይማሩ፤ ግን ሕጉን ከመጠቀምዎ በፊት «ይህን ፎቶ የሚያይ ሰው ምን እንዲያውቅ ነው የምፈልገው?» ብለው ይጠይቁ። መልሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻሉ የት እንደሚቆሙ እግርዎ ያውቃል። ካልቻሉ ደግሞ ገና አይጫኑት።

በተለይ ሰው ሲያነሱ ይህን ጥያቄ አይዝለሉት። ዕቃ ያለ አግባብ ቢነሳ አይከፋውም፤ ሰው ግን በፎቶው ይታወሳል። ዝቅ ብለው ዓይን ለዓይን ይተያዩና የሚገባውን ቦታ ይስጡት።